ልዩ አስተያየት ካለ

ነገሌ ቦረና ውስጥ ሥልጣኔ አስገባ ሊባል የሚገባው ሰው ቢኖር እኔ ነኝ። እስካሁን ማንም አላለኝም እንጂ ልባል ይገባኝ ነበር። አንዱ ባንክ አስገባ፣ ሌላው ባጃጅ አስገባ፤ እኔ ደግሞ አንዲት በተን አስገባሁ። በተን ስላችሁ ኮምፒውተር ላይ የምትታየውን፣ በማውስ ጫን የምትደረገዋን ማለቴ ነው። «ላክ» ተብሎ ተጽፎባታል፤ አረንጓዴ ናት፤ ጠርዟን ክብ ለማድረግ ብቻ ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል። በዚህች በተን ሰበብ ብዙ ሰው ተቸግሯል። ከሁሉ የበለጠ የተቸገረው ግን ሠሪዋ ነው፤ የማወራላችሁም ስለ እሱ ነው።

ጊዜው ስማርት ስልክ እንደ ዛሬው በየኪሱ ያልገባበት ነው። አንድ የእንስሳት ጤና ፕሮጀክት ውስጥ ተቀጥሬ ነበር፤ ዋናው ቢሮ እዚሁ ነገሌ፣ ቅርንጫፎቹ አሬሮና ፊልቱ። የሥራ መደቤ «የመረጃ ባለሙያ» ይባላል። ሲሰሙት ደህና ነገር የሚመስላቸው አሉ። ሥራው ከቅርንጫፎቹ የሚመጣውን የታመመና የተከተበ ከብት ቁጥር ደምሮ ወደ አዲስ አበባ መላክ ነው። አባቴ ነገሌ ጦር ሠፈር አገልግሎ እዚሁ ጡረታ የወጣ ወታደር ነው፤ ሰው «ልጅህ ምን ደረሰ?» ብሎ ሲጠይቀው ትንሽ ያስብና «ፍየል ይደምራል» ይላል። ውሸት ነው ልለው አልችልም።

ሪፖርቱ ያኔ በወረቀት ነበር የሚመጣው። የአሬሮዋ የእንስሳት ሐኪም አርብ አርብ ቅጹን ሞልታ ፖስታ ውስጥ ትከተዋለች፣ ፖስታውን ለአብዱላሂ ትሰጠዋለች። አብዱላሂ በዚያ መስመር የሚሠራ የሚኒባስ ሹፌር ነው። የዳዋን ወንዝ ተሻግሮ፣ በየመንደሩ እየቆመ ሰላም ብሎ፣ ሲመቸው ሰኞ ሳይመቸው ረቡዕ ነገሌ ይገባና ፖስታውን በመስኮት ይወረውርልኛል። ቅጹ ላይ ላም፣ ፍየል፣ በግ፣ ግመል፣ ሁሉም የየራሱ ሳጥን አለው። ከግርጌው ደግሞ «ልዩ አስተያየት ካለ» የምትል መስመር አለች።

ይህቺን መስመር ሳታውቋት አትቀሩም። የማትገኝበት ቅጽ የለም። የሚሞላት ሰው ግን አይቼ አላውቅም። እዚያ ስንደርስ እጃችን ራሱ መንገዱን ያውቀዋል፤ «የለም» ብለን ጽፈን እንፈርማለን። እኔም ከትምህርት ቤት ምዝገባ እስከ ሥራ ቅጥር ስንት ቅጽ ሞልቼ፣ አንድም ቀን አስተያየት ኖሮኝ አያውቅም። ፊልቱ ያለው ባልደረባችን አብዲም እንደዚያው ነው፤ ግመሉን ቆጥሮ፣ ከብቱን ቆጥሮ፣ «የለም»።

ድራሙ ግን ጻፈች። ድራሙ የአሬሮዋ ሐኪም ናት።

«ዝናቡ መጣሁ መጣሁ ብሎ ወደ እናንተ ዞሯል። ስትጨርሱ መልሱልን።»

ወረቀቱን ይዤ ቁጭ አልኩ። ይሄ ከየትኛው ሳጥን ጋር ነው የሚደመረው? በሳምንቱ ሌላ መጣ፦ «የቢሮው ወንበር አንድ እግሩን አጥቷል። በሽታው አልታወቀም። ናሙና ልላክ?» በሌላው ሳምንት፦ «ዛሬ የተከተበ ወይፈን ረግጦኝ ሲያበቃ ዞር ብሎ አየኝ። ይቅርታ የጠየቀኝ መሰለኝ። ይመዝገብልኝ።»

እኔም መልስ መስጠት አማረኝ። ለቅርንጫፎች የምንመልሳት «ደርሶናል» የምትል የመረከቢያ ወረቀት ነበረች፤ በጀርባዋ መጻፍ ጀመርኩ። አንድ ዐረፍተ ነገር ለመጻፍ አራት ወረቀት አበላሻለሁ። «ናሙናው ይላክ። ሦስቱ እግሮች እንዳይጋባባቸው ተለይተው ይቀመጡ» ብዬ የጻፍኩ ዕለት ራሴን ሳደንቅ ዋልኩ።

በአካል የተያየነው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ለሥልጠና መጥታ አምስት ቀን ነገሌ ሰንብታለች። አሠልጣኙ እኔ ነበርኩ። የመጀመሪያው ቀን በር ላይ «ናጋ?» ብላ ሰላም መሆኔን ጠየቀችኝ፤ «ናጋ» አልኳት። ነገሌ ተወልጄ ስላደግሁ ኦሮምኛው አይቸግረኝም። ከዚያ ስለ ቤተሰቡ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ሣሩ፣ ስለ ዝናቡ ተጠያየቅን። የቦረና ሰላምታ ረጅም ነው ብለው የሚያማርሩ ሰዎች አሉ፤ እኔ ያን ቀን አጠረብኝ። በአምስተኛው ቀን የአብዱላሂ ሚኒባስ ላይ ስትወጣ «እንግዲህ በአስተያየት እንገናኝ» ብላኝ ሄደች። ሥልጠናው ላይ ምን እንዳስተማርኩ ብትጠይቁኝ አላውቅም።

ከዚያ በኋላ ዋናው ሥራዬ መስኮት መጠበቅ ሆነ። የሚኒባስ ጡሩምባ በሰማሁ ቁጥር እነሣለሁ፤ የነገሌ ሚኒባስ ደግሞ ጡሩምባ አይቆጥብም። ናፍቆት ነበር፤ ሌላ ስም አላወጣለትም። አንዲት መስመር ለሰባት ቀን አትበቃም። ማክሰኞ አካባቢ በቃሌ ይዣታለሁ፤ ሐሙስ ላይ ቃላቱ ትርጉማቸው ሁሉ ያልቃል፤ አርብ ላይ የድሮ ፖስታዎች ከመሳቢያ ይወጣሉ።

አንድ ሰኞ ፖስታው ከቅቤ ጋር ተጭኖ መጣ። አንዲት ሴትዮ ቅቤዋን ለነገሌ ገበያ ጭና ኖሮ፣ ቅቤው በሙቀቱ ቀልጦ ፖስታው ላይ ወርዷል። የላሙ ቁጥር ደህና ነው። የፍየሉም የግመሉም ደህና ነው። ቅቤው ያገኘው የእሷን መስመር ብቻ ነው። ወረቀቱን መስኮት ላይ ለጥፌ፣ አገላብጬ፣ ዓይኔን አጥብቤ ሳይ ሁለት ቃል ብቻ ተነበበኝ፤ መጀመሪያ ላይ «አንተ»፣ መጨረሻ ላይ «ግመል»። በመካከላቸው ያለውን እግዜር ይወቀው። «አንተ» ብላኝ አታውቅም ነበር። እስከዚያን ቀን ድረስ የምትጽፈው «እናንተ» እያለች ነው። ሁለት ሌሊት አልተኛሁም። ግመሉ ራሱ እኔ ልሁን ሌላ፣ ይህም አልታወቀም።

ሥልጣኔን ለማስገባት የወሰንኩት ያኔ ነው። ወረቀት በቃ። በኢንተርኔት ይሁን፤ አሬሮ ላይ ስትጽፍ ነገሌ ላይ ይድረስ፤ የአርቡ ሪፖርት አርብ ዕለት ይግባ። ይህን ሐሳብ ለኦቦ ጃርሶ አቀረብኩ። ኦቦ ጃርሶ የፕሮጀክቱ አስተባባሪ ናቸው፤ ወረቀት ጠረጴዛቸው ላይ ሲበዛ የሚያማቸው፣ ደግ ሰው።

«ቅቤ አይነካውም?» አሉኝ።

«አይነካውም።»

«አዲስ አበባዎቹ ይወዱታል?»

«ይሞቱለታል።»

«ማሎ፣ እባክህ፣ ምን ትጠብቃለህ? ጀምር እንጂ» አሉ። የሐሳቡ መነሻ ምን እንደሆነ አልጠየቁኝም፤ እኔም አልተናገርኩም።

ገጹን በአንድ ሳምንት ሠራሁት። ያማረ ነበር። «ላክ»ን ጫንኩ። ምንም የለም። ደግሜ ጫንኩ። አሁንም የለም። እዚህ ላይ ለማያውቅ ላስረዳ፤ በተን ብቻዋን ምንም አታውቅም። በር ላይ እንደተሰካ ደወል ናት፤ ሽቦው እስከ ውስጥ ድረስ ካልተዘረጋ የሚደክመው ጣታችሁ ነው። ውስጥ ያለው ሰርቨር ይባላል። የእኛ ሰርቨር ጠረጴዛዬ ሥር የተቀመጠ አሮጌ ኮምፒውተር ሲሆን በብርድ ጊዜ እግሬን አሞቅበት ነበር። በተኗ ስትጫን በየሳጥኑ የተጻፈውን ሰብስባ ወደ ሰርቨሩ ትወስዳለች፤ እዚያ እኔ የጻፍኩት ኮድ ተቀብሎ ይመዘግባል። ታዲያ በተኗ ሳጥኖቹን የምታውቃቸው በስማቸው ነው። ለላሙ ሳጥን «ላም»፣ ለፍየሉ «ፍየል» ብላችሁ ኮዱ ውስጥ ስም ታወጡላቸዋላችሁ። ስም ያልወጣለት ሳጥን ውስጥ የፈለገ ነገር ቢጻፍ በተኗ ዞር ብላ አታየውም፤ ትታው ትሄዳለች።

ይህን ሁሉ ከአንድ ፎቶ ኮፒ መጽሐፍ ላይ ሦስት ሳምንት ፈጅቼ ተማርኩ። ሽቦው ተዘረጋ። ላም ስም ወጣላት፣ ፍየል ወጣላት፣ በግና ግመልም ወጣላቸው። መጨረሻ ላይ «ልዩ አስተያየት ካለ» ደረሰች።

ለእሷ ምን ስም ልስጥ? «አስተያየት» ማለት ይበቃ ነበር፤ ግን ደረቀብኝ። ያቺ ሳጥን እኮ ገጹ በሙሉ የተሠራላት ናት። ከሰዓት በኋላውን ሁሉ ሳስብላት ቆየሁና፣ ማን ያየኛል ብዬ «ድራሙ» ብዬ ጻፍኩ። ልቤ ደስ አለው። ደስታዬን ሳልጨርስ ኦቦ ጃርሶን ከኋላዬ ቆመው አገኘኋቸው።

«ደረሰ?» አሉ ወደ ኮምፒውተሩ ጎንበስ ብለው።

በጥድፊያ አጠፋሁት። ቦታው ባዶ ሆነ። እመለስባታለሁ ብዬ ኦቦ ጃርሶን ተከትዬ ስብሰባ ገባሁ። ከስብሰባው ወጥቼ ሻይ ጠጣሁ፣ ሰው አገኘሁ፣ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

በማግስቱ ሙከራ አደረግሁ። ቅጹን ከላይ እስከ ታች ሞላሁ፤ ላም ሦስት፣ ፍየል አምስት። ግርጌው ላይ ስደርስ እጄ የለመደውን ጻፈ፦ «የለም»። «ላክ»ን ጫንኩ። ሰርቨሩ ላይ ከፍቼ አየሁ፤ ላም ሦስት፣ ፍየል አምስት፣ ልዩ አስተያየት፦ የለም። ሁሉም በትክክል ገብቷል። አጨበጨብኩ። አንድ ነገር ብቻ ረስቼ ነበር፤ አዲስ አበባዎቹ ባዶ ቦታ ስለማይወዱ፣ ሳጥኑ ባዶ ሆኖ ከመጣ ኮዱ ራሱ «የለም» ብሎ እንዲሞላ ቀደም ብዬ አዝዤዋለሁ። ስለዚህ ያየሁት «የለም» የእኔ አልነበረም፤ የኮዱ ነው። ሁለታችንም አንድ ቃል ተናገርን፤ እኔም ተግባባን ብዬ ገጹን ለቅርንጫፎች ከፈትኩ።

መጀመሪያ የተቸገረችው ፊልቱ ናት። አብዲ አንዲት የምታስል ግመል መዝግቦ «ላክ»ን ጫነ። ገጹ ነጭ ሆኖ ቀረ፤ ሪፖርቱ ደርሶኛል፣ ግን ደረሰ የሚለው የለም። እንግዲህ በእኛ አገር ሰላም ብሎ መልስ ያጣ ሰው ምን እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ፤ ያልሰሙት ይመስለውና ድምፁን ከፍ አድርጎ ይደግማል። አብዲም ደገመ። አርባ ሦስት እስኪሞላ ደገመ። በማግስቱ አዲስ አበባ ደውሎ ኦቦ ጃርሶን «ፊልቱ ላይ በአንድ ቀን አርባ ሦስት ግመል የጣለው ምን በሽታ ነው?» አላቸው። ቡድን ተዘጋጅቷል፣ መኪና ነዳጅ ሞልቷል፣ ጓንት ሁሉ ተቆጥሯል። አብዲ ተደውሎለት ሲጠየቅ «አንድ ናት» አለ፤ «እሷም ድናለች፤ አሁን እዚህ ቆማ ታየኛለች።»

በዚህ ተምሬ አንዲት መልስ ጨመርኩ። «ላክ» ስትጫን ገጹ ወዲያው «ደርሶናል። እናመሰግናለን።» እንዲል አደረግሁት። ማንም ምንም ይላክ፣ ሌሊትም ይሁን ቀን፣ «ደርሶናል። እናመሰግናለን።» ጨዋ ገጽ ሆነ። አብዲም አንድ ጊዜ ብቻ መጫን ጀመረ፤ ኦቦ ጃርሶም በየስብሰባው አሞገሱኝ።

የአሬሮን የመጀመሪያ ሪፖርት የጠበቅሁት አዲስ ሸሚዝ ለብሼ ነው። ለምን እንደለበስኩ አትጠይቁኝ። ገባ። ከላሙ ዘለልኩ፣ ከፍየሉ ዘለልኩ፣ ግርጌው ደረስኩ።

ልዩ አስተያየት፦ የለም።

ደክሟት ይሆናል አልኩ። አዲስ ነገር ስለሆነባት ይሆናል። ሁለተኛው መጣ፤ የለም። ሦስተኛው፣ አራተኛው፤ የለም፣ የለም። በወሩ ነገሩን ለራሴ ተረጎምኩት፤ ልጅቷ ቀዝቅዛለች። ያቺ በወይፈን ተረግጣ አስተያየት የነበራት ሴት፣ ለእኔ ሲሆን አስተያየት የላትም። ደግሞ እኮ «የለም» ስትል እንኳ አጻጻፏ ለእኔ የተለየ ይመስለኝ ነበር፤ የአብዲ «የለም» ተራ ነው፣ የእሷ ግን ፊቱን ያዞረ ነው። የድሮ ፖስታዎቿን አውጥቼ ቅቤ የነካውን ሳይቀር አነብባለሁ። እናቴ «ልጁ ወባ ሳይዘው አይቀርም» ብላ ጤና ጣቢያ ወስዳ አስመረመረችኝ። ወባ የለም ተባለ። ያም አንድ «የለም» ሆነ።

አንድ ቀን ቆርጬ ደወልኩ። አሬሮ ቢሮ አንድ ስልክ ነው ያለው፤ ተጠርታ መጣች።

«አካም? ናጋ?» አለች።

«ናጋ። ሪፖርቱን በተመለከተ ነው የደወልኩት» አልኩ። ጅል ስሆን ድምፄ እንደ ዜና አንባቢ ይወፍራል። «የምትልኩት ሁሉ በትክክል ይደርሳል?»

«ደርሶናል ይላል እኮ» አለች።

«ጥሩ። እንግዲህ ደርሶናል ካለ ደርሶናል ማለት ነው።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም። አንድም የሚቀር የለም።»

የስልኩ መስመር ሽሽ ይላል፤ አንድ ሰው ከኋላዋ ስለ ፍየል ይጮኻል። «ሌላ የምትለኝ ነገር የለህም?» አለችኝ።

እኔ ምን ልበል? ወር ሙሉ የለም የለም ስትለኝ ከርማ አሁን እኔ ልለማመጥ? ኩራት ያዘኝ። «የለም» አልኳት። እናንተዬ፣ ያን ጊዜ አንድ ሰው መጥቶ አፌን ቢይዝልኝ ኖሮ ዛሬ ይህን ሁሉ አላወራም ነበር።

ሌላ ሁለት ወር አለፈ። አንድ ጠዋት ቢሮው በር ላይ አይሱዙ ቆመ። ከላዩ ትልቅ የክትባት መድኃኒት ማስቀመጫ ፍሪጅ ወረደ፤ ከፍሪጁ ቀጥሎ የፊልቱው አብዲ ወረደ። ፍሪጁን አስገፍቶ አስገባና መሐል ቢሮዬ ላይ አቆመው። አብዲ ትልቅ ሰው ነው፤ ጢሙን በሂና የሚቀባ፣ ቶሎ የማይቆጣ።

«ይኸውልህ አስተያየቴ» አለኝ። «ከፊልቱ ድረስ ተሸክሜልህ መጣሁ።»

«የምን አስተያየት፣ ጋሽ አብዲ? ይቀመጡ እስቲ።»

«አልቀመጥም። ፍሪጁ ሞተ ብዬ ጻፍኩ፤ ደርሶናል እናመሰግናለን አልክ። መድኃኒቱ ሊበላሽ ነው ብዬ ጻፍኩ፤ ደርሶናል እናመሰግናለን። ተበላሸ ብዬ ጻፍኩ፤ እናመሰግናለን አልክ። ለምንድን ነው የምታመሰግነኝ? ዕድሜዬን ሙሉ ያቺ መስመር ላይ የለም ስል ኖሬ፣ አንድ ቀን አስተያየት ቢኖረኝ እንዲህ ይሾፍብኛል?»

ወንጀለኛ አይደለሁም ለማለት መዝገቡን ከፈትኩለት። የፊልቱ አርብ ሁሉ ተደርድሯል፤ የለም፣ የለም፣ የለም። አብዲ መነጽሩን አድርጎ አየ። «ይሄን እኔ አልጻፍኩም» አለ። እኔው እያየሁ እንዲጽፍ ጠየቅሁት። በአንድ ጣቱ፣ ፊደሉን እየፈለገ፣ «ፍሪጁ አጠገቤ ቆሟል» ብሎ ጻፈና ጫነ። ደርሶናል፤ እናመሰግናለን። መዝገቡን ከፈትን፤ ልዩ አስተያየት፦ የለም።

ኮዱን ገልጬ አየሁት። ላም ስም አላት። ፍየል ስም አላት። ግርጌ ላይ ያለችው ሳጥን የስም ቦታዋ ባዶ ነው፤ እመለስባታለሁ ብዬ እንደተውኳት። «የለም» የሚለውን በየሳምንቱ የጻፈልኝ ኮዱ ነው፤ ኮዱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ያን ሁሉ ወር ያኮረፍኩት በራሴ ቃል ነበር። መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ቀጥሎ አሬሮ ትዝ አለችኝ፤ ሳቁ እዚያው ቀረ።

አብዲን ከነፍሪጁ ለኦቦ ጃርሶ ትቼ ወጣሁ። የአብዱላሂ ሚኒባስ ሊነሣ ሲል ደረስኩ። «ፖስታ ቀርቶ ሰው ሆነ እንዴ የሚላከው?» አለኝ፤ ጋቢና አስቀመጠኝ። መንገዱን በሙሉ ምን ጽፋ ይሆን እያልኩ ሄድኩ። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ወንበሩ፣ ስለ ወይፈኑ፤ አሥራ ሁለት አርብ የሚሆን ጨዋታ አሬሮና ነገሌ መካከል የትም ሳይደርስ ቀርቷል። ከሰርቨሩ ልፈልገው አልችልም፤ ሰርቨሩ ጋ ደርሶ አያውቅም።

ድራሙን ከአሬሮ ከተማ ወጣ ብሎ ክትባት ላይ አገኘኋት። ከብቶች በጠባብ የእንጨት አጥር መሐል ተሰልፈዋል፤ እሷ መርፌዋን ይዛ ከአጥሩ ጎን ቆማለች። ስታየኝ አልደነገጠችም። «ናጋ?» አለች፤ ሰላምታውን እስከ መጨረሻው ተባባልን፤ ከብቱም ዝናቡም ቤተሰቡም ተጠየቀ። ከዚያ የአንዲት ጊደር ገመድ አስያዘችኝ፤ ጊደሯን እንደያዝኩ ነገሩን ሁሉ ነገርኳት። ስለ ሳጥኗ፣ ስለ ስሟ፣ ስለ ኦቦ ጃርሶ፣ ስለ «የለም»። ስሟን ጽፌ ማጥፋቴንም አልደበቅሁም።

ጊደሯን ወግታ ለቀቀቻት። ቀጣዩን ከብት እያየች «እኔ ደግሞ አንብበህ የምትተወኝ መስሎኝ ነበር» አለች።

«ምን ብለሽ ነበር የጻፍሽው?»

«መጀመሪያ ላይ ዝም ብዬ ጨዋታ ነው። በኋላ ሽማግሌዎች ከያቤሎ መጡ፤ እኔን ለማን እንደሚጠይቁ ለአባቴ ተናገሩ። አባቴ የተማርሽ ነሽ፣ ቃሉ ያንቺ ነው አለኝ። ያን አርብ ምን ልበላቸው ብዬ ጻፍኩልህ።» ሲሪንጁን ሞላች። «ደርሶናል፣ እናመሰግናለን አለኝ።»

ገመዱን እንደያዝኩ ቆምኩ። ጊደሯ ከሄደች ቆይታለች።

«ሁለተኛ መጡ። አባቴም መልስ ፈለገ። ሽማግሌ ሦስተኛ ጊዜ ሳይመለስ መልስ ካለህ ስጠኝ ብዬ ጻፍኩ። አመሰገንከኝ። ከዚያ ደወልክ። ሁሉም ደርሷል፣ የምለው የለም አልከኝ።»

«ሦስተኛ መጡ?»

«መጡ። ከመምጣታቸው በፊት አንድ ጻፍኩ፤ ረጅም ነው፤ ሳጥንህ ጠቦኝ ነበር። በማግስቱ እሺ አልኳቸው። ሠርጉ ዝናቡ ሲገባ ነው።»

«ያን የመጨረሻውን ምን ብለሽ ጻፍሽው?»

ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ ዓይኔን አየችኝ። አልተቆጣችም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። «እሱን ለአንተ ብቻ ነበር የጻፍኩት» አለች። «አሁን ቃል የሰጠሁ ሰው ነኝ። እንዴት አድርጌ እነግርሃለሁ?»

ቀጥላ የሚቀጥለውን ከብት አስያዘችኝ። እስኪመሽ ያዝኩላት። ለብዙ ከብት ገመድ ይዣለሁ፤ አንዱም አልረገጠኝም፤ በረገጠኝ ብዬ የተመኘሁበት ሰዓት ግን ነበር። ስንለያይ እጄን ጨብጣ «መንገዱ ናጋ ይሁን» አለችኝ።

ነገሌ ተመልሼ ለሳጥኗ ስም ሰጠኋት። «አስተያየት» አልኳት፤ ግማሽ ደቂቃም አልፈጀም። በዚህ ሁለት ቃል በማይሞላ ሥራ ነው ያ ሁሉ የሆነው። የሚሠራ መሆኑን ማረጋገጥ ነበረብኝና ገጹን ከፍቼ ላምና ፍየሉን ሁሉ ዜሮ አልኩ። ግርጌው ላይ ስደርስ እጄ «የለም» ሊል ተዘጋጀ፤ ያዝኩት። ከወራት በፊት ልጽፈው የሚገባኝን ጻፍኩ። «እምቢ በያቸው» አልኩ። ጫንኩ። ጠረጴዛዬ ሥር ያለው ሰርቨር ትንሽ አጉረመረመ፤ መዝገቡን ስከፍት ፊደል ሳይጎድል ገብቷል።

ዛሬም ድረስ ትናፍቀኛለች። ጽሑፏም ትናፍቀኛለች፤ ያነበብኩትም፣ ከሁሉ ይበልጥ ያላነበብኩት። ሰው ያላየውን ነገር ይናፍቃል ወይ ብትሉኝ፣ አዎ ይናፍቃል።

በዓመቱ መጨረሻ ኦቦ ጃርሶ ሪፖርቱን ለአዲስ አበባ ከመፈረማቸው በፊት መስመር በመስመር ሊያዩ ጠረጴዛዬ ጋ መጥተው ተቀመጡ። በጣታቸው ከላይ ወደ ታች ሲወርዱ አንድ ቦታ ላይ ቆሙ።

«ይሄ ምንድን ነው? ላም ዜሮ፣ ፍየል ዜሮ፣ እምቢ በያቸው ይላል። የየት ቅርንጫፍ ነው?»

«የነገሌ ነው» አልኳቸው።

«ነገሌ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ሪፖርት የምትልከው?»

«አንድ ጊዜ ብቻ ልካለች» አልኩ፤ «እሱም ዘግይቶ ነው የገባው።»